ታጣፊ

ሦስት በሁለት ተኩል፣ ሮቢት ከዳገቱ፣
አንድ በር አንድ መስኮት፣ ከዚህ አይበልጥ ቤቱ።
አልጋው ሲገባበት ወንበሩ ይወጣል፣
ወንበሩ ሲገባ ሰው ደጅ ይቀመጣል።
እማ ስትሰግድ እንኳ ግንባሯ መሬቱን
አያገኝም ነበር፤ ይመታል ብረቱን፣
የአልጋውን እግር።

ሸዋ በር ሄድሁና፣ አይሱዙ ሲፈርስ
ሳንቃውን ለቃቅሞ፣ ሚስማሩን የሚያድስ
አሊጋዝ ከሚሉት አናጢ ዘንድ ቀረብሁ፤
«ቤት ጠቦኛል» ብዬ ችግሬን ዘረዘርሁ።
ቀና አላለም እሱ። የዛገ ሚስማሩን
በድንጋይ እያቃና ጠየቀኝ ቁጥሩን፦
«ስንት ናችሁ?» አለኝ፤ «ማነው የሚያንኮራፋ?
ማነው በእንቅልፍ ልቡ ጎረቤት የሚገፋ?»

ማግስቱን ቤት መጣ፤ በሲባጎ ለካ፣
(ሜትሩን አበድሮ ቀርቶበታል ለካ)።
እማ ስትሰግድም ጥግ ይዞ ጠበቀ፤
«ስንት ክንድ ይበቃሻል?» ብሎ ጠየቀ።

«ለሐሙስ» ብሎኝ ነበር። ሐሙስ መጣ፣ አለፈ፤
ሁለተኛው ሐሙስም በዚያው ተላለፈ፤
እንጨት ሊያጥፍ ሄዶ ቃሉን አጣጠፈ።
በሦስተኛው ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል፣ በዝናም፣
ጋሪ ላይ ጭኖት መጣ። «ይቅርታ» እንኳ አላለም።

ሳንቃው ከኮምቦልቻ ሲያግዝ የኖረ ስንዴ፣
ዛሬም ጎኑን ብትፍቂው ይበንናል አንዳንዴ።
ማጠፊያው ከፈረሰ ሆቴል የተነቀለ፣
ቀለሙ ሲፋቅ ሌላ ቀለም ከሥሩ አለ።
እግሩ የተማሪ ዴስክ፤ ብረቱ ላይ በሚስማር
አንዱ ልጅ ጽፎበታል፦ «ዘይነብ ትኑር፣ ሂሳብ ይቅር»።
ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ካላማዳሪ ጎማ
ሲሳብ ያጉረመርማል እንደ ተቆጣች እማ።
ከሆዱ ላይ ደግሞ፣ በመጋዝ ተገዝግዞ፣
የሹፌሩ ጥቅስ ቀርቷል፣ እኩሌታውን ይዞ፦
«ቀስ በ—»
«ል»ዋ የማን ቁም ሳጥን ላይ እንዳለች አላህ ይወቅ።

ማታ አልጋ ነው፤ ጧት ሲነሣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤
ከሆዱ ውስጥ ጠረጴዛ ብቅ ይልና ይዘረጋል፤
ተማም የቤት ሥራውን ከዘይነብ ጋር ይጽፋል።

መካከሉ ባዶ ሆነ።
ባዶ ቦታ ይዘን ምን እንደምናደርግ
አላወቅንበትም። ሶፊያ ዘለለች፣ ተማም ተንከባለለ።
እማ መስገጃዋን ዘረጋች፤ ግንባሯን ዝቅ፣
ዝቅ፣ ዝቅ፣ እስከ መሬት…
ብረት የለም።
ያን ቀን ቀና ለማለት ዘገየች።

ለካስ ማጠፍና እጥፍ የሥጋ ዘመድ ናቸው፤
እኔ አንጀት ሲታጠፍ ነበር የማውቃቸው።

ወሬ እግር አለውና፣ እትዬ አልጋነሽ፣
(የቤቱ ባለቤት፤ ስሟ ራሱ አልጋ ነሽ)፣
ለኪራይ ስትመጣ ደፉ ላይ ቆመች፤
ግራ ቀኝ አይታ በእርምጃዋ ለካች።
«ለካ ሰፊ ቤት ኖሯል! እኔ ሳላውቅ ኖሬ!
እንግዲህ በእጥፍ ነው ኪራዩ ከዛሬ።»

ኪራዩም ታጠፈ።

ለአሊጋዝ ነገርሁት። ሳቀና፣ «ልጄ፣
ማጠፊያ» አለኝ፣ «በአንድ ጎን ብቻ አይሠራም፤
የከፈተው ይዘጋል፤ ለዚህ ዋጋ አልጨምርም።»

ይኸው አሁን ወር ሲገባ፣ ከቧንቧው ወዲያ ማዶ
ሳሏ ሲሰማ፣ አልጋው ዱብ! ጠረጴዛው ተዘርግቶ፣
ወንበሩ ከተሰቀለበት ምስማር ወርዶ፣
አራታችን ጥግ ላይ፣ ጉልበት በጉልበት።
አልጋነሽ ደፍ ላይ ቆማ፣ እግር መጣያ አጥታ፣
«ባለፈው ሰፍቶ አልነበር?» ትላለች ግራ ገብቷት ቆይታ።
«ያኔ ዕቃው ወጥቶ ነው፣ እትዬ» ይላል ተማም።
እማ ውሸት አትችልም፤ ሙሰበሃዋን ትቆጥራለች።
የድሮዋን ኪራይ ተቀብላ፣ ብሩን አጥፋ፣ አጥፋ፣
መቀነቷ ውስጥ ትከታለች።

ኮቴዋ ሲርቅ ሶፊያ ማሰሪያውን ትስባለች።
ካላማዳሪው ያጉረመርማል፤
ሆዱ ከግድግዳው ላይ ብቅ ይላል፦
ቀስ በ—